ተምሎበት የተሰጠ ምድጃ

«ታራኔ ትሙት፣ ሳይወስዱት ከዚህ አይንቀሳቀሱም!»

ታራኔ ስሟን የሰማችው የታጠቡ ሳህኖች ታቅፋ ከቧንቧው ስትመለስ ነው። ድምፁ የአባቷ የባህራም ነበር። አባቷ ምድጃዋን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ድንኳን ጎረቤታቸው ሆድ ይገፋል። ጎረቤቱ ናደር የሚባል፣ ቤተሰቡን ይዞ ከመሽሃድ ከተማ የመጣ ወፍራም ሰው ነው። እሱ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አባቷ ይከተለዋል።

«ኧረ በፍጹም! ኧረ አይሆንም ወንድሜ!» ይላል ናደር። «እኔ እኮ እሳቱ ደስ ቢለኝ አደነቅሁ እንጂ…»

«ካደነቁትማ የእርስዎ ነው! አለቀ!»

እስከዚህ ድረስ ምንም ክፉ ነገር አልነበረም። ወጉ የታወቀ ነው። ሰው ዕቃህን ካደነቀልህ «ውሰደው» ትለዋለህ። እሱ «አይገባም» ይላል። ትደግማለህ፣ ይደግማል፤ ሦስተኛው ላይ ሁለታችሁም ትስቁና ዕቃው ባለበት ይቀራል። በልጅ ሕይወት ከተማለ ግን ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። በልጅ ሞት ተምሎ የተሰጠውን ነገር እምቢ የሚል አንጀት የለም። ናደርም አባትየውን አየ፣ ሳህን የታቀፈችውን ልጅ አየ፣ ተነፈሰና ምድጃውን ተቀበለ።

ታራኔ ሳህኖቹን ሳሩ ላይ ጣለቻቸው። ፕላስቲክ ስለሆኑ አልተሰበሩም። ቢሰበሩ ደስ ይላት ነበር።

ምድጃው የእሷ ነው። በመኸር የቤታቸው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሞት አባቷ እንደ ልማዱ ብሎን በብሎን ፈታው። የበሩን መስታወት የሰላጣ ሳህን አደረገው፣ ቱቦውን ለጓሮ አስቀረው፣ ሞተሩን ለአንድ ወዳጁ ሰጠው። ልብስ የሚሽከረከርበትን ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ በርሜል ሊጥለው ሲል «እኔ እፈልገዋለሁ» ያለችው እሷ ናት። የብርዱን ወራት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው ከረመች። ከአሮጌ አልጋ ሦስት እግር ቆርጣ አሰረችለት። ከታች አመድ የሚወጣበት በር አበጀችለት፤ ያን ጊዜ ጣቷን ቆርጧት ጠባሳው እስካሁን አለ። አባቷ በአጠገቧ ሲያልፍ «መሐንዲሷ!» እያለ ይስቅ ነበር።

እዚህ የካስፒያን ባሕር ዳርቻ ሲደርሱ ግን የሚስቅ ጠፋ። ለኖውሩዝ፣ ለአዲስ ዓመቱ ዕረፍት፣ ግማሹ አገር ድንኳን ተክሎ ሰፍሯል፤ ካፊያው ደግሞ ሊያባራ ነው ሲሉት መልሶ ይመጣል። የሁሉም ሰው እንጨት ሲጨስ፣ የእሷ ምድጃ በየቀዳዳው አየር እየሳበ እርጥቡን እንጨት ቦግ አድርጎ ያነደዋል። ሰዎች ከሩቅ እየመጡ «ይሄን ማን ሠራው?» ሲሉ አባቷ «እኛ ቤት ምንም ነገር አይጣልም!» ይላቸዋል። ማን እንደሠራው ግን አይመልስም።

ናደር ምድጃውን ተሸክሞ ወደ ድንኳኑ ከገባ በኋላ ታራኔ አባቷ ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባዬ፣ የእኔ ነበር።»

«ቀስ በይ። ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የእኔ ነበር!»

«ብረት እኮ ነው ልጄ። ሰው የሚጥለው ብረት ሞልቷል። ሌላ አገኝልሻለሁ።»

«እኔ ሌላ አልፈልግም።»

ባህራም ግንባሩን አከከ። «በዚህ ቤት ደግሞ የእኔ፣ የአንተ መባባል ከመቼ ወዲህ ነው የተጀመረው?»

«እሺ፣ የሁላችንም ከሆነ ለምን በራስህ አልማልክም? ለምን ‹ባህራም ይሙት› አላልክም? ዕቃውም የእኔ፣ የምሞተውም እኔ!»

ታናሽ ወንድሟ ማኒ ከድንኳኑ ብቅ አለ። «አቦ ታሪ፣ ተዪው በቃ። ሼም ነው።»

«አንተ ዝም በል!» አለችው። አባቷ ወደ መኪናው ሄዶ የተዘጋውን ኮፈን መክፈትና መዝጋት ጀመረ።

እናቷ ፋኽሪ ያረጀ የሻወር መጋረጃ መሬት ላይ እያነጠፈች ነበር፤ የምሳ ገበታቸው እሱ ነው። ታራኔን ክንዷን ይዛ ጎተተቻትና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ትናንት እነናደር የላኩልንን የዶሮ ጥብስ በልተሻል አይደል? ሳህናቸው እኮ ይኸውልሽ፣ እስካሁን እኛ ጋ ነው። ባዶ ሳህን ይመለሳል? አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ሳህን እያየ ሲቁነጠነጥ ነበር። ምን ያድርግበት? ምስር?»

«ምስር ያድርግበታ!»

«የሚሠራበት ፋብሪካ ደሞዝ ካቆመ ወዲህ እኮ ታውቂዋለሽ…»

ታውቀዋለች። ሻምፑ በሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሲሞላ፣ ከግድግዳ የወረደ የማስታወቂያ ሸራ የድንኳን ወለል ሲሆን አንድ ቀን አፍራ አታውቅም። እንዲያውም ሌሎቹ ልጆች የተገዛ ነገር ይዘው ሲመጡ በሆዷ ትስቅባቸው ነበር። ያናደዳት ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የዳቦ ላስቲክ አጥቦ የሚያሰጣ ሰው፣ እንግዳ ሲያይ እጁ ይፈታል፤ የተፈታውም በእሷ ዕቃ ነው። እናቷ የነገረቻት ሁሉ ገብቷታል። ስለገባትም ንዴቷ አልበረደም፣ ባሰባት እንጂ።

ሳህኑን ከእናቷ አጠገብ አነሳችና ባዶውን ይዛ ሄደች።

የናደር ድንኳን ጋ ስትደርስ ከመኪናው ኋላ ጭቅጭቅ ሰማች።

«ይሄን ጥቀርሻ ምን ላድርገው? ጭንቅላቴ ላይ ልሸከመው?» የናደር ሚስት ጊቲ ናት። «የልጁን ብርድ ልብስ እየው እስቲ፣ ከሰል አስመሰለው! ነገ በምን ጭነን ልንሄድ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጊቲ? ሰውዬው በልጁ ምሎ ሰጠኝ! እምቢ ብል ልጅቷን ግደላት ማለት አይደለም?»

«መጀመሪያ ማን አድንቅ አለህ?»

ታራኔ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለቱም ዘወር አሉ። ምድጃዋ በሻንጣዎች መሐል በጎኑ ተጋድሟል፤ አንዱ እግሩ ተጣሟል። እሱን ስታይ የነበራት ትንሽ ፍርሃት ለቀቃት።

«ሳህናችሁን ላደርስ ነው የመጣሁት። ምድጃውን ደግሞ ልወስድ። የሠራሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሳይጠይቀኝ ነው የሰጣችሁ።»

ጊቲ ሳህኑን ተቀበለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ተመስገን!» አለች፤ ከዚያ ያለችው ነገር አሳፈራትና «ውይ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ብላ አስተካከለችው።

ናደር ግን ወደ እነታራኔ ድንኳን አጮልቆ እያየ ነበር። «አሁን ብትወስጂው አባትሽ መሬት ይጠበዋል። ሰው ፊት ነው የሰጠኝ። እኔም ብመልስለት ስድብ ነው።» ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ቆይ! ነገ በጠዋት ስንሄድ እዚያ ዛፍ ሥር እንረሳዋለን። በቃ ረሳነው! አባትሽ ያገኘዋል። ማንም ማንንም አላስከፋም፣ አንቺም ምድጃሽን አገኘሽ። አይሻልም?»

ጥሩ ዘዴ ነበር። ታራኔም «እሺ» ልትል ትንሽ ነበር የቀራት። ከዚያ ነገ ጠዋት የሚሆነው ሁሉ ታያት። አባቷ ሌሎች ትተውት የሄዱትን የድንኳን ካስማ እንደሚለቅመው ምድጃውን ያነሳዋል። «አያችሁ ሰው የሚጥለውን! ያገኘሁትን እዩልኝ!» ይላል። ምድጃው እሱ ያገኘው ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመትም አንዱ መጥቶ ያደንቀዋል፣ እሷም እንደገና ትሞታለች።

«አይሻልም» አለች።

«አባትሽ ይከፋዋል እኮ ልጄ።»

«እኔም ከፍቶኛል።»

ናደር ሊመልስ ሲል ጊቲ በክርኗ ጎሸመችው። እሱም ምድጃውን ከሻንጣዎቹ መሐል ጎትቶ አወጣላት፤ የተጣመመውን እግር በጉልበቱ ተጭኖ እንደምንም አቃናው። «እስከ ግማሽ መንገድ ልያዝልሽ?» አላት። አይሆንም አለችው።

ከባድ ነበር። ጥቀርሻው ነጭ ሹራቧ ላይ ተለቀለቀ። በድንኳኖቹ መሐል ስታልፍ እጅ የታጠበ፣ ምሳ የቀረበለት ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያታል። ማኒ ሲያያት «ወይኔ!» ብሎ ድንኳን ውስጥ ገባ። አባቷ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ብድግ አለ።

«መልሺው» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «አሁኑኑ መልሺው። ሰው እያየን ነው።»

ታራኔ ምድጃውን አስቀመጠች። አንዱ እግር አጥሮ ስለነበር ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ከሥሩ አደረገችለት። ከወዲያ ናደር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለባህራም ጎንበስ አለ። ባህራምም በሻይ ብርጭቆው ምክንያት በግራ እጁ ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለ። ቀና ካለም በኋላ ፊቱ እንደቀላ ቀረ።

«ምን አልሻቸው?»

«የእኔ ነው አልኳቸው።»

እናቷ ማንቆርቆሪያውን ውሃ ሞልታ መጣችና ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። ታራኔ የደረቀ ቅርፊት ከሥር፣ እንጨቱን ከላይ አድርጋ ደረደረች። ንዴቷ አልወጣላትም። ይቅርታ የመጠየቅ ሐሳብም አልነበራትም፤ ሮጣ ባሕሩ ዳር ሄዳ ማልቀስም አልፈለገችም።

ክብሪቱ አባቷ ኪስ ውስጥ ነበር። ጥቀርሻ የለበሰ እጇን ዘረጋችለት። ሰዎቹ እያዩ ነው፣ እሱም ሰዎቹን ያያል። እስኪሰጣት ድረስ እጇን ላታጥፍ ወሰነች።