ግንብ ላይ ያበቀልኩት ሰው

ይህ ነገር በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አውቃለሁ፣ ማጋነን እወዳለሁ። ሚስቴ ዝማሬ «አንተ የነገርከኝን ለሦስት አካፍዬ ነው የማምነው» ትላለች።

ይህን ግን አታካፍሉት። እንዲያውም ቀንሼ ነው የምነግራችሁ...

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐምሌ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ረጅሙ የድንጋይ ግንብ።

እኔ ሀብተጊዮርጊስ ሠዓሊ ነኝ። ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ የእኔ እጅ ነው። እሺ፣ ግማሹ።

በዚያ ክረምት ግን ቀለም ሰለቸኝ። ዝናብ ሲበዛ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ፍቄ አመጣሁ። ከአሬራና ከስኳር ጋር በዝማሬ ጁስ መፍጫ ፈጨሁትና ግንቡ ላይ በብሩሽ አራት ሜትር ገበሬ ሣልኩ። ይህ ቀለም አይደርቅም፤ ይበቅላል።

«ሽበቱን ከየት አመጣኸው?» ላለኝ ሁሉ «ከቱሉ ወለል ተራራ ጫፍ!» አልኩ።

ውሸቴን ነው። እዚሁ አጠገባችን ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ወንዝ ዳር ካለ የድንጋይ ክምር ነው ያመጣሁት። በባጃጅ።

በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው ለመለመ።

ያን ጠዋት አሬራ የምትሸጥልኝ ኢቢሴ ስታልፍ አየችው። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ።

«ጨመዳ...»

ባሏ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቆሎ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ሰው «እርምሽን አውጪ» ቢላትም እምቢ ብላ፣ ጥቁር ሳትለብስ ትጠብቀዋለች።

«አዴ ኢቢሴ፣ ከጭንቅላቴ ነው የሣልኩት» አልኳት።

«ቅንድቡ ላይ ያለውንስ ጠባሳ?»

ቀና አልኩ።

ጠባሳ አልሣልኩም ነበር...

በማግስቱ የዓይኑ ቆብ ወደ ታች በቅሏል። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ሊከደን ትንሽ ቀረው።

ኢቢሴ ክንዴን ያዘች።

«ኦቦ ሀብቴ፣ ያ ዓይን ከተከደነ ሞቷል ማለት ነው። አታስከድንብኝ።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ መሰላል ላይ ወጥቼ ቆቡን በምላጭ እፍቃለሁ። በየጠዋቱ ተመልሶ በቅሎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ከምላጩ ሥር ድንጋዩ ሞቀኝ...

ለማንም አልተናገርኩም። እኔ! ዝም!

በሳምንቱ ኢቢሴ ስንቅ ቋጥራ መጣች።

«ቱሉ ወለል ልሄድ ነው። ሽበቱ የበቀለበት ቦታ እሱ አለ።»

«አትሂጂ...»

«ለምን?»

«ቱሉ ወለልን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

«ዱጋ! እውነቱን ንገረኝ!»

ነገርኳት።

አጠገባችን ሆና የሰማችው ዝማሬ ምላጩን ከእጄ ነጠቀች። «ይኼ አፍህ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል! እኔ ዓይኑን እጠብቃለሁ። አንተ ውሰዳት።»

በባጃጅ ሄድን። የድንጋይ ክምሩን በፊት ልብ አላልኩትም ነበር።

ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው...

ኢቢሴ ተንበረከከች። አላለቀሰችም። ከንፈሯን ድንጋዩ ላይ አስጠግታ አንሾካሾከች።

«ጨመዳ... ኮቱ። ና፣ ወደ እኔ ና።»

ስልኬ ጮኸ። ዝማሬ ናት።

«ሀብቴ...»

«ዓይኑ ተከደነ እንዴ?»

«ዓይኑን ተወው። ግንቡ ባዶ ነው...»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ባዶ ነው እልሃለሁ! አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ የእግር ዱካ አለ። አንዱ ብቻውን ክንድ ይሆናል። ወደ እናንተ ነው የሚሄደው...»

መስመሩ ተቋረጠ።

ወፎቹ ዝም አሉ።

የዝማሬን ድምፅ የሰማችው ኢቢሴ ከተንበረከከችበት ተነሳች። ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

ከዚያ ድንጋዩ ላይ፣ ከጎኗ ሰፊ ቦታ ለቃ፣ መንገዱን እያየች ተቀመጠች...