ከአባቴ ኋላ የተሰለፈው

ወሬ አሳመርክ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። እኔ በዐይኔ ያየሁት ነው።

እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኛው ሳሎን ውስጥ። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። መስኮቱ ዝግ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ አየር ወለድ ነው። ያን ቀን ሁለት የጦር ጓደኞቹ መጥተው እንደ ልማዳቸው ይቀላለዳሉ።

"ካልሲ ባጠብክበት ሄልሜት ሾርባ ታጠጣኝ!" አለ አንደኛው፣ አሥር አለቃው።

"ጨው አንሶታል ብለህ ደገምክ አይደል እንዴ?" አለ ሁለተኛው። ካልሲውን ያጠበው እሱ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስሙ ሾርባ ሆኖ ቀርቷል።

ሳቁ ቤቱን አናጋው። አባቴም ሳቀ... ግን ይቺ ቀልድ ለእሱ ቀልድ ብቻ አይደለችም። በእሷ እየሳቀ ነው ሰው ያስገደለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሲሰለፉ፣ ከኋላ የቆመው ከፊቱ ያለውን ሰው የፓራሹት መክፈቻ መንጠቆ በእጁ ፈትሾ ሄልሜቱን መታ መታ ያደርገዋል። "አይቼልሃለሁ፣ ዝለል" ማለት ነው።

አባቴ በሳቅ ፍርፍር እያለ፣ ሳያይ መታ አደረገ።

ከፊቱ የነበረው የእናቴ ወንድም ነው። ፓራሹቱ አልተከፈተም።

እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። ወንድሟን ባነሳች ቁጥር አባቴ አብሯት ያለቅስ ነበር። ባሏ እንዴት አዛኝ ነው ይላል ሰው።

"ተነሱ፣ እንደ አውሮፕላኑ እንሰለፍ!" አለ ሾርባ። የራሱን አሮጌ ሄልሜት ከመደርደሪያው አንስተው አባቴ ላይ ደፉበት። አሥር አለቃው ከፊት፣ ሾርባ መሃል፣ አባቴ መጨረሻ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ በሳቅ ልፈርስ ነው።

ኳ... ኳ...

የተመታው የአባቴ ሄልሜት ነው።

ዞረ። ከኋላው ግድግዳ ብቻ።

"አንተ ነህ... ልጄ?" አለ በሹክሹክታ።

"ኧረ እኔ እዚህ ነኝ፣ አባዬ!"

መጋረጃው ወደ ውስጥ ተነፋ... መስኮቱ እንደተዘጋ ነው።

አሥር አለቃው ሳቁን ዋጠ። "የአውሮፕላን ነዳጅ... አይሸታችሁም?"

አባቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ ጀርባው ላይ ጣቶች ነበሩ። ቀስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ይፈትሹታል። እሱ የእናቴን ወንድም የነፈገውን ፍተሻ እያደረጉለት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ ተመኘ።

ይሄኔ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ሰልፉን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"የወንድሜን መንጠቆ... ማን ነበር ያየለት?"

እስከዚያ ቀን ጠይቃ አታውቅም።

አባቴን ላብ አጠመቀው። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። በኋላ እንዲህ ብሎ ማለልኝ።

"አላስታውስም... እናትዬ። ስንት ዘመኑ!"

ጣቶቹ ቀጥ አሉ።

እናቴ ግን እሱን አታይም ነበር። ከትከሻው በላይ ወደ ግድግዳው አፍጥጣለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ወንድምዬ... መጣህ?"

እሷ ብቻ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች... አዳመጠች...

ከዚያ ዐይኗን ቀስ ብላ ወደ አባቴ መለሰች።