ጨው ጨው የሚለው ውኃ

ብርጭቆው ውስጥ የነበረው አረንጓዴ ውኃ ነጥቷል። ፋና መስኮቱ ሥር ተንበርክካ ወደ ብርሃን አነሣችው። ትናንት ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ነበር፤ ዛሬ ከሥሩ ነጣ ያለ አተላ ብቻ ቀርቶታል።

«ቫይረስ ነው፤ ያዝኩት» አለች ለራሷ፣ ደስታው አላስችል ብሏት።

የትምህርት ቤቷ ሳይንስ ክበብ የሚያረባው በዓይን የማይታይ የባሕር አልጌ ነው። ባሕር በሌለበት ደብረ ብርሃን ጨውና ማዳበሪያ በጥብጠው ባሕር ሠሩለት፤ ለዓሣ ጫጩት ምግብ ይሆናል ብለው። ምን ዋጋ አለው፣ አልጌው በየጠርሙሱ እየነጣ ይሞት ጀመር። የክበቡ ኃላፊ ቲቸር አልታየች ገዳዩ የሚያዝበትን ዘዴ አሳየቻቸው። የሞተውን ውኃ ባክቴሪያ እንኳ በማያሳልፍ ማጣሪያ ያጠሉታል፤ ከጠለለው ጤነኛው አልጌ ላይ ጠብ ያደርጋሉ። ጤነኛውም ከነጣ፣ በማጣሪያው ያለፈ ቫይረስ አለ ማለት ነው።

«ከላብራቶሪ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ» ብላ ቲቸር አስጠንቅቃ ነበር። ፋና ግን ከሁሉም ቀድማ ማየት አማራት። ጤነኛውን በብርጭቆ፣ የጠለለውን በሃይላንድ ደብቃ ቤቷ ወሰደች፤ ከጠለለውም ብርጭቆው ላይ ጠብ አደረገች። ቲቸር «የጠለለው የት ገባ?» ስትል ጓደኛዋ ምስጋና «እኔ ነኝ የደፋሁት» ብሎ ሸፈነላት። ሃይላንዱን ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል ብላ፣ እናቷ በተመሳሳይ ሃይላንድ ጸበል ከምታኖርበት ጥግ አስቀመጠችው።

«የዛሬው ጸበልስ ጨው ጨው ይላል» አሉ ከበስተኋላዋ አባባ ገብረ ጻድቅ።

ዞር አለች። ሳል ይዟቸው ለሕክምና ከአንኮበር የመጡት ቄስ አያቷ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በእጃቸው ባዶ ኩባያ ይዘዋል። አጠገባቸው የእሷ ሃይላንድ ቆሟል።

ፋና ክው አለች።

«አባባ፣ ከየትኛው ነው የጠጡት?»

«ከዚህኛው ነዋ፣ በባዶ ሆዴ። ወዲያው ደጅ አስወጥቶ አስመለሰኝ። እሰይ፣ ይዞኛል። ጸበል እንዲህ ሲያስመልስ እየሠራ ነው።»

ግንባራቸው በዚያ ብርድ አልቦታል። እናቷ ገበያ ወጥታለች። ፋና ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ሮጠች፤ ቁጥሩን ሁለቴ ሳተችው።

«ምስጌ፣ አባባ ጠጡት።»

«ምኑን?»

«የጠለለውን!»

«የቀረውን ድፊና ጸበል ሙይበት» አላት ምስጋና። «ማንም አይባንንም።»

«የጠጡትስ?»

«ቫይረሱ አልጌ እንጂ ሰው አይነካም ተብሏል እኮ። አታካብጂ።»

«ማዳበሪያውስ? ምን ምን እንደጨመረችበት የምታውቀው ቲቸር ናት።»

«ለእሷ ከነገርሻት እኔም ውሸታም ልባል ነው። ሁለታችንንም ከክበቡ ታባርረናለች፣ ፋኒ።»

መልስ ሳትሰጠው ዘጋችው። ስትገባ አባባ ሁለተኛውን ኩባያ ሞልተው እያማተቡ ነበር። ተቀብላ መድፋት ትችላለች። ዝንብ ገብቶበታል ብትላቸው ያምኗታል፤ እሷን ተጠራጥረው አያውቁም። ይኼ ነው ሆዷን የበላት። ሁለተኛውን ብትደፋው፣ ከመጀመሪያው ሳይመልሱት የቀረው ሆዳቸው ውስጥ ነው። እሱን ማን ይደፋዋል?

«አባባ፣ አይጠጡት። ጸበል አይደለም። እኔ ነኝ ከትምህርት ቤት ሰርቄ ያመጣሁት። የአልጌ በሽታ አለበት፤ ማዳበሪያም አለበት።»

ኩባያውን ከአፋቸው መለሱት። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ይገድላል?»

«ሰው አይነካም ይላሉ። ግን አላውቅም፣ አባባ። ፈራሁ።»

«የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አለች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?»

ደወለች። ስልኩ ሲጠራ ባይነሣ ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ ቶሎ ባነሣችው አለች። በሌላ እጇ የአባባን እጅ ያዘች። ቀዝቅዟል።

«ሃሎ?» አለች ቲቸር አልታየች።

«ቲቸር፣ ፋና ነኝ። ምስጋና ምንም አልደፋም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። አያቴ ጠጥተውታል።»