የአራተኛው ራፐር ሽማግሌዎች

መባ ከእንግዳው ጋር ለቃለ መጠይቅ በተቀመጠች ቁጥር ራሷን እያመማት ነበር የምትነሳው።

«የት ተወለድክ?» ትለዋለች።

«የት እንደተወለድኩ ጎዳናው ያውቃል፣ ወረታ ላይ ሆኜ ዓለም ይጨነቃል።»

«እንግዳው፣ እባክህ እንደ ሰው መልስልኝ።»

«ኤንጂ በይኝ።»

«ኤንጂህን ቅበረው! እናትህ ያወጡልህ ስም ምን ጎድሎት ነው?»

እንግዳው ይስቃል። ሲስቅ ግራ ጉንጩ ስርጉድ ይላል። መባ መቅረጫዋን ዘግታ በንዴት ትነሳለች። የምታናድዳት ያቺ ስርጉድ ጭምር ነበረች።

ሥራዋ ሥራ ሆኖባት ነው እንጂ ድሮ ትታው ነበር። በከተማዋ የማኅበረሰብ ራዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የወጣቶችን ዝግጅት የምታቀርበው እሷ ናት። ዘንድሮ የፎገራንና የአካባቢውን ምርጥ ራፐሮች በደረጃ አስቀምጣለሁ ብላ ተነሳች። ከይፋግ፣ ከአለም በር፣ ከሐሙሲት ሳይቀር ልጆች በስልካቸው እየቀዱ ላኩላት። ደረጃው ከመነገሩ በፊት ደግሞ የአንዱን ጀማሪ ታሪክ ልታቀርብ አሰበች፤ ያን አንዱን ስትመርጥ ብዙም አላመነታችም። ለምን እንዳላመነታች ለማንም አልተናገረችም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ በአባቷ በአቶ አበረ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው። ስለ ሩዝ ዋጋ ልትዘግብ መቅረጫዋን ይዛ ስትገባ አንድ ጎልማሳ መሳይ ልጅ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። አላያትም። ማሽኑ ሲንደቀደቅ እሱም በዚያው ምት ለራሱ ይናገራል። ማማ ላይ ወጥቶ ሩዙን ከወፍ ሲጠብቅ በጩኸት ስለሻከረው ድምፁ፣ ክረምት ሜዳው ሁሉ ውኃ ሲሆን ከወዲያ ማዶ ስለሚሰማው የአባቱ ተማሪዎች ዜማ ይናገራል። መባ ብዙ ራፕ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለ ግን ከማንም ሰምታ አታውቅም። የመጣችበትን ረሳችው።

ድንገት ማሽኑ ቆመ፤ እሱም ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። አንዲት ሴትዮ መሃላቸው ገብታ ጆንያዋን እስክትጎትት ድረስ እንደዚያው ተያዩ።

«ቀዳሽኝ እንዴ?» አላት በመጨረሻ።

«ምነው፣ ይከለከላል?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለና አቀረቀረ።

ከዚያ በኋላ የፎገራ ሩዝ በሙሉ በእሱ በኩል የሚፈለፈል እስኪመስል ድረስ ወፍጮ ቤቱን አዘወተረ። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያያታል፤ ታየዋለች። ወሬ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ ይሄዳል። ዛሬ ይናገራል ስትል፣ ነገ ይናገራል ስትል፣ ዓመቱ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጓደኞቿ ሲጠይቋት «ጓደኛዬ ነው» ትላለች፤ ቃሉ ግን ከአፏ ሲወጣ ራሷኑ ያበሳጫት ነበር።

ይባስ ብሎ ባሕር ዳር ሄዶ ዘፈን ቀርጾ መጣ። ከመቀረጹ በፊት ለጉሮሮው ይሆነዋል ብለው እናቱ ወንዛዬ ፍልውኃ ወስደው ዘፍዝፈውታል። ዘፈኑ «የጎዳና ልጅ» ይባላል። መባ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አዳመጠችው። ብርድ አስፋልት፣ ጩቤ፣ የሌሊት ጭፈራ ቤት፣ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ውድ መኪና። ማዳመጫውን ነቅላ እንግዳው ላይ አፈጠጠችበት።

«መቼ ነው ጎዳና ያደርከው?»

«ራፕ እንዲያ ነው፣ መባ።»

«አንተ የመሪጌታ ታደለ ልጅ! በሕይወትህ ደጅ ያደርከው ለወፍ ጥበቃ ማማ ላይ ነው! እሱን ለምን አትልም? የአባትህን ዜማ ለምን አትልም?»

«አባቴ ቢሰማስ? ዜማውን ዳንኪራ አደረግኸው ቢለኝስ? ደግሞ የወፍ ጥበቃን ማን ይሰማዋል?»

«እኔ!»

ቃሉ እንዳመለጣት ታወቃት። እንግዳው አያት። ከንፈሩ ሲከፈት አየች፤ መጣ አለች፣ አሁን መጣ።

«ታዲያ ስንተኛ ታወጪኛለሽ?» አላት።

ያን ዕለት ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ብቻዋን እየተናገረች ሄደች። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አያት።

ቅዳሜ ሲደርስ ደረጃው ተነገረ። አንደኛ የይፋጉ ደሳለው ወጣ። ደሳለው ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ መዶሻውን እንደ ሰንደቅ በኩራት እያነሳ፣ ገበያ ውስጥ ሰዎች ምን ብለው እንደሚሰድቡትና እሱ ምን እንደሚመልስ በዚያው በመዶሻው ምት የሚናገር ልጅ ነው። ሁለተኛ የአለም በሯ ታይቱ፣ ሦስተኛ ሁለት የሐሙሲት ወንድማማቾች። ከዚያ መባ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አራተኛ፣ እንግዳው ታደለ» አለች። «ድምፁን ብቻ ብንለካ አንደኛ ነበር። የሚነግረን ግን የራሱን ኑሮ አይደለም።»

እንግዳው ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ስልክ አይደውልም፤ ወፍጮ ቤትም አልመጣ። መባ እሱ ባለመምጣቱ ተናደደች፤ ከዚያ ደግሞ በሩን በሩን በማየቷ በራሷ ተናደደች። ውሸታም ብሆንና ሁለተኛ ብለው ምን ነበረበት? ብላ አሰበች። እንደማትችለው ግን ታውቃለች። በውሸት ካሞገሰችው በኋላ ያን ስርጉድ በምን ዐይኗ ልታየው ነው?

ሐምሌ ነበርና የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውኃ አልብሶታል። በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ወይዘሮ እናትነሽ በመስኮት ብቅ ብለው ሲያዩ ሦስት ሰዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ጭቃውን እያቋረጡ ይመጣሉ። ከፊት ጃንጥላ የያዙት ቄስ መንግሥቴ ናቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ተሰልፈው ቆሙ።

«አበረ! ኧረ ተነስ፣ ሽማግሌ ቁሟል!»

«የምን ሽማግሌ?»

«የምን ይሆናል? የጋብቻ ሽማግሌ ነዋ! ጋቢህን ልበስ!»

መባ በጓዳው መጋረጃ አሾለከች። ከቄስ መንግሥቴ ቀጥሎ የቆሙት የእንግዳው አጎት አያ ደጉ ናቸው። ለካ ዝም ያለው ለዚህ ነው! ለካ ሽማግሌ እስኪያሰባስብ ነው! በአንድ አፍታ ሁሉንም ይቅር አለችው፤ ኤንጂነቱን፣ ጩቤውን፣ የማያውቀውን መኪና ሳይቀር። አዲሱን ቀሚሷን ለመልበስ ስትጣደፍ አንዱን ጉትቻ አድርጋ ሌላው ጠፋት።

«ግቡ እንጂ አባቶቼ፣ አረፍ በሉ» አሉ አቶ አበረ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄስ መንግሥቴ እንደ ወጉ።

አቶ አበረ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። «የመጣችሁበትማ ገብቶኛል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤቴን አልለቅም ያለ ነው። በወጉ ቢሆን ሁለት ሦስቴ ላመላልሳችሁ ይገባ ነበር። በዚህ ጎርፍ ግን ግፍ ይሆንብኛል። እኔ ፈቅጃለሁ፤ እናቷም እንደኔው ናት። የቀረው የልጅቱ ቃል ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ምኑን ነው የፈቀዱት፣ አቶ አበረ?» አሉ ቄስ መንግሥቴ።

«ልጄን ነዋ!»

አያ ደጉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኛ እንኳ የመጣነ ስለ ደረጃው ነበር።»

«የምን ደረጃ?»

«በራዲዮ አራተኛ ብላብናለች። ልጁ ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። በእርቅ ተነጋግረነ፣ ቢያንስ ሁለተኛ ብታደርግልነ ብለነ ነው።»

እዚያ አገር ላም የሰው ሩዝ ውስጥ ብትገባ ሽማግሌ፣ ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ ነው። ለራፕ ደረጃ ሽማግሌ ሲላክ ግን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። መባ አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች፣ በአንድ ጆሮ ጉትቻ፣ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ከእፍረት ብዛት ነዷል።

«አባቶቼ፣ እግራችሁን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደረጃው ግን አይነካም!»

«የኔ ልጅ፣ አትቆጪ» አሉ አያ ደጉ። «የመሪጌታ ልጅ ከቀጥቃጭ ልጅ በታች ሲጠራ እኛስ ምን ይሰማናል ትያለሽ?»

መባ የምትመልሰውን ከመናገሯ በፊት በሩ ላይ ሌላ ድምፅ ተሰማ።

«አያ ደጉ! ይበቃል!»

እንግዳው ነበር። እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆሟል።

«ምነዋ? አንተው አይደለህ ሽማግሌ ይላክባት ያልክ?»

«ተናድጄ ነው ያልኩት! ሰው ሲናደድ ያለውን ሁሉ ሰምታችሁ ጃንጥላ ይዛችሁ ትወጣላችሁ እንዴ?» አለና ወደ ቤቱ ሰዎች ዞሮ አንገቱን ደፋ። «ደሳለው ይበልጠኛል። የሚሰደብበትን ሥራውን ይዞ፣ ስሙን ጠርቶ ነው የቆመው። እኔ አባቴን ደብቄ ነው የቆምኩት። ማን የማን ልጅ እንደሆነ አታንሱብኝ፣ አያ ደጉ፤ አሳፈሩኝ።»

አያ ደጉ መሬት መሬቱን አዩ። መባ ግን እንግዳውን አየችው። ይህ ልጅ ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ቀን በኋላ እውነት ሲናገር ስትሰማው ይህ ሁለተኛው ነው። ወደደችው። ድሮም ትወደው ነበር፤ አሁን ግን ብሶባት ቁጭ አለ።

«እኔስ?» አሉ አቶ አበረ። «ልጄን በአደባባይ ፈቅጄ ቁሜ ቀረሁ እኮ!»

«ምን ፈቀዱ?» አለ እንግዳው ደንግጦ።

ወይዘሮ እናትነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። የነገረው ሰው ባይኖርም እንግዳው የመባን ቀሚስ አየ፣ አንዱን ጉትቻ አየ፣ ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ስማኝ» አለችው መባ። «ዓመት ሙሉ ስጠብቅህ ነበር። ስለ ሁሉ ነገር ስትገጥም ሰምቼሃለሁ፤ አሁን ሳትገጥም ንገረኝ። ካልሆነልህ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ሂድ፤ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።»

እንግዳው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ቄስ መንግሥቴን አየ፤ አቶ አበረን አየ። ላቡ ከጭቃው ጋር ይወርዳል።

«እፈራሻለሁ» አለ። «ስትጠይቂኝ የምገጥመው ስለምፈራሽ ነው። በወሬው ካሳቅሁሽ አትሄጅም ብዬ ነው። አራተኛ ስትይኝ የከፋኝ ለደረጃው አይደለም። ናቀችኝ ብዬ ነው። እና ደግሞ . . . እወድሻለሁ። በጣም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ውጭ ጣሪያው ላይ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

ቄስ መንግሥቴ ጃንጥላቸውን አነሱ። «በሉ እንውጣ» አሉ።

«የት ነው የምንወጣ፣ በዚህ ዝናብ?» አሉ አያ ደጉ።

«ለጋብቻ በእርቅ በር አይገባም! ወጥተን በወጉ እንገባለን።»

«ደረጃውስ እንዲያው ይቅር?»

«ይቅር አያ ደጉ!» አለ እንግዳው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ወጡ። አቶ አበረ በሩን ዘጉ። ወዲያው ተንኳኳ፤ ከፈቱላቸው። ሽማግሌዎቹ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው፣ እንግዳ ሰው መስለው ተሰልፈው ቆሙ። ቄስ መንግሥቴ «ልጃችሁን ለልጃችን ለመጠየቅ መጥተናል» አሉ።

አቶ አበረ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቀድሞ የከሰረው ፈቃዳቸው ሳያንገበግባቸው አልቀረም። «እንግዲህ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ነገሩን እናስብበታለን። ዘመድም ይማከራል። የዛሬ ሳምንት ተመለሱ።»

«አባባ!» ብላ ጮኸች መባ።

«ወግ ነው» አሉ አቶ አበረ።

«ወግ ነው» አሉ ቄስ መንግሥቴም፣ ውኃው ከጺማቸው እየተንጠባጠበ።

ዓመት ጠብቃለች፤ ሳምንት ግን የሚጨመርባት አልሆነም። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አፏን እንደማትከፍት ታውቃለች። እናቷ በዐይናቸው ተይ ሲሏት አይታለች።

«የቀረው የልጅቱ ቃል ነው አላልክም፣ አባባ? እሺ ብያለሁ። እንግዳው፣ እሺ ብያለሁ!»

ወይዘሮ እናትነሽ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያ መያዙ አልሆን ሲላቸው እልል አሉ። አያ ደጉ ተከትለው ሳቁ፤ አቶ አበረም «በሉ ቁጭ በሉ፣ ምን አደርጋለሁ» እያሉ ወንበር መሳብ ጀመሩ።

እንግዳው ብቻ አፉን ከፍቶ በሩ ላይ ቀረ። መባ እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ተቆጣችው።

«ምን ትገተራለህ? እግርህን ታጠብና ግባ!»