የማን ልጅ ናት?

ይሄን የምጽፍላችሁ ከራሷ ከባለታሪኳ አፍ ሰምቼ ነው። ማመን ከከበዳችሁ አልፈርድባችሁም... እኔም መጀመሪያ ስሰማው ፈገግ ብዬ ነበር።

ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሌሊት አይደለም። ፀሐይ ግቢውን ሞልታዋለች።

ቦታው ደብረ ብርሃን። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የቆርቆሮ በር ያለው፣ ሁለት የኪራይ ቤት ብቻ ያለበት ግቢ።

በአንደኛው ቤት ሀይማኖት የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ከባሏ ከሠረቀብርሃን ጋር ትኖር ነበር። በሌላኛው ኩብራ አለች፤ የአልዩ አምባ ልጅ ናት፣ ገበያ ላይ በርበሬና ኮረሪማ ትሸጣለች።

ሀይማኖት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት።

አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላል። የሀይማኖት እናት ግን ልጇ ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። ሠረቀብርሃን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ፈቃዱ በአሥረኛው ቀን አለቀ። ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ኩብራም ከራስጌዋ ቢላዋ አስቀመጠችላትና፣ "አራስ ከብረት አትለይም፣ አታንሺው" ብላ ወደ ገበያዋ ተመለሰች።

እና ሀይማኖት ብቻዋን ቀረች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ አልጠባ አለች። አንዴ ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ትጮኻለች። የሀይማኖት ጡት ተሰንጥቆ ይደማል። እናትም ልጅም እኩል ያለቅሳሉ።

ቋ... ቋ... ቋ...

"ማን ነው?"

"ክፈቺው ልጄ። ሕፃን እያለቀሰ ዝም ይባላል?"

ረዘም ያሉ ሴትዮ ናቸው። ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል። ፊታቸው ላይ እርጅና አለ፣ መጨማደድ ግን የለም።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ጫማቸው ላይ ግን ጭቃ የለም።

ሀይማኖት አላስተዋለችም። ሠረቀብርሃን የላከላት ሰው መሰለቻት። "ይግቡ እትዬ" አለች።

ሴትዮዋ ሲገቡ ልጅቷ ዝም አለች። የጠገበ ልጅ ዝምታ አይደለም... የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነው።

"እንዲህ አይደለም። አንቺ አትጎንበሺባት፣ እሷን ወደ አንቺ አምጫት። አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርጊ። አሁን ጠብቂ... አትቸኩይ... አፏን በደንብ ስትከፍት፣ ያኔ። ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ጥቁሩንም ጨምራ ትጉረስ።"

ልጅቷ ጎረሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያማት አጠባች። ሀይማኖት ደስታው አስለቀሳት።

ሴትዮዋ ሁሉንም አሳዩዋት። ከጠባች በኋላ ትከሻ ላይ አድርጎ ጀርባዋን መታ መታ ማድረግ። እትብቷን ምንም ሳይቀቡ ማድረቅ። ቅቤ አለማዋጥ፣ ውሃም አለመስጠት። በጀርባዋ ማስተኛት። ጤና ጣቢያም ይሄንኑ ነግረዋታል፤ እጇን ይዞ ያሳያት ሰው ግን አልነበረም።

ሲጨርሱ ልጅቷን ብርሃን ላይ አውጥተው አዩዋት። ሰው ሕፃን ሲያደንቅ "ከዓይን ያውጣት" ይላል። እሳቸው አላሉም።

"የማን ልጅ ናት እንዲህ የምታምረው?"

ሀይማኖት በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት። እነሱ ዘንድ ትልቅ ሰው ያለሽን ነገር ሲያደንቅ መልሱ አንድ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ ትሰጫለሽ። በአፍ ነው እንጂ ማንም አይወስድም።

"የእርስዎ ናት፣ እትዬ።"

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ። ከተንጠለጠሉት ክሮች አንዱን ቋጠሩት። ነገር እንዳይረሱ ብለው መሰላት።

"ለሰው አታውሪ" አሉ ሲወጡ። "የሚረዳ ሰው ሲወራበት እጁ ይረክሳል። ለኩብራም ቢሆን።"

የኩብራን ስም ማንም አልነገራቸውም።

ማታ ባሏን ጠየቀችው።

"ሴትዮዋን አንተ ነህ የላክሃቸው?"

"የቷን ሴትዮ? አንቺ ያስጠራሻት መስሎኝ።" ሠረቀብርሃን ጫማውን እያወለቀ ነበር። "ማንም ትሁን፣ እግዜር ይስጣት። ቢያንስ ዛሬ እንተኛለን።"

ተኛም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ልጅቷ እያደር ሞላች፣ ጉንጯ ወጣ። ግን...

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። አንገቷ ገና ሳይጸና።

አጥሚት ሲቀርብላቸው ሴትዮዋ አይጠጡም። ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም።

አንድ ቀን ብርዱ የቧንቧውን ውሃ በረዶ አድርጎት ነበር። ሀይማኖት ስታወራ ከአፏ ጉም ይወጣል። ከልጅቷም ይወጣል። ከሴትዮዋ አፍ ግን... ምንም።

በአርባኛው ቀን ደግመው ጠየቁ።

"የማን ልጅ ናት?"

"የእርስዎ ናት።"

ሁለተኛ ቋጠሮ።

በሰባ ስድስተኛው ቀን ኩብራ ከገበያ በጊዜ ገባችና ልጅቷን አቀፈቻት።

"ማሻ አላህ፣ ይቺማ እኔን ልታክል ነው። ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?"

ሀይማኖት ሳቀች። ልጇ ሲደነቅላት ጊዜ የተባለችውን ረሳች።

"ብቻዬን መቼ ሆንኩ። እትዬ አሉ አይደል።"

"የቷ እትዬ?"

"ሦስት ሰዓት ላይ የሚመጡት ሴትዮ ናቸዋ።"

ኩብራ ልጅቷን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስተኛቻት።

"በየት ነው የሚገቡት?"

"በበሩ ነዋ።"

"ሀይሚ... አንቺ አራስ ነሽ ብዬ፣ ማንም እንዳይገባብሽ... ባልሽ ሥራ ከገባ ጀምሮ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፌው ነው የምሄደው።"

ኩብራ የቤቱን በር ዘግታ ተመለሰች።

"ምን ይሉሻል? ሁሉንም ንገሪኝ።"

ነገረቻት። ኩብራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስንቴ አልሻቸው?"

"ሁለቴ።"

"ሦስተኛ እንዳትይ። እናቴ ትናገር ነበር፤ ስም ያልወጣለት ልጅ ሦስቴ ከተሰጠ አይመለስም ትል ነበር። እኛ 'የአላህ ናት' እንላለን፤ አንቺ 'የማርያም ናት' በያቸው። ክርስትናዋ በሰማንያ ነው አይደል? አራት ቀን ነው። ስሟን እስክታገኝ አራት ቀን ቻይ።"

በማግስቱ ኩብራ ከገበያ ቀርታ አብራት ዋለች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ማንም አልመጣም። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

ኩብራ ውሃ ልትቀዳ ወጣ አለች።

ቋ... ቋ... ቋ...

ሴትዮዋ ዛሬ አልገቡም። የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ።

"የማን ልጅ ናት?"

"የማርያም ናት" አለች ሀይማኖት።

ሴትዮዋ ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ ነው፣ አክስት የምትስቀው ዓይነት።

"ጎሽ። ኩብራ አስጠናችሽ።" ነጠላቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲያው ማርያም ታጥባልሽ።"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልጅቷ ጡት አልያዘችም።

ሀይማኖት የተማረችውን ሁሉ አደረገች። አፍንጫዋን ትይዩ... ጠበቀች... አልቸኮለችም... ልጅቷ አፏን ገጥማ ታያታለች። እያለበች በማንኪያ ሰጠቻት፤ ወተቱ በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ይፈስሳል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። መዘኗት፣ ለኳት። "ምንም የላትም። አያያዝሽን አስተካክይ" አሏት።

ሠረቀብርሃን ማታ ቆሞ አያት።

"ሰባ ምናምን ቀን ስታጠቢ ኖረሽ ዛሬ ጠፋብሽ? ሌላው ሴት አምስትና ስድስት ያሳድጋል።"

"ሴትዮዋ ናቸው ሠረቄ... ሴትዮዋን ስለከለከልኳቸው ነው..."

"እንግዲያው ይቅርታ ጠይቂያቸው። የጎረቤት ወሬ ሰምተሽ ስንት የረዱሽን ሰው ታስቀይሚያለሽ? ሲርባት ትጠባለች።"

በሰባ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ፣ በምርኩዝ መቆም የጀመረችውን አማቱን ለክርስትናው ሊያመጣ ወደ አንኮበር ሄደ።

ያን ቀን ጠዋት ልጅቷ አላለቀሰችም። የምታለቅስበት ጉልበት የለም። ከንፈሯ ደርቋል፤ አናቷ መሃል ላይ ያለው ለስላሳው ቦታ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል።

ኩብራ አየቻትና ሻሿን አሰረች። "ሆስፒታል ነው። ጠቅልያት፣ ባጃጅ ይዤ መጣሁ።"

እየሮጠች ወጣች። እጇ ግን ለምዷል... ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሀይማኖት ሰማችው።

ልጇን ልትጠቀልል ዞረች።

ዛሬ ማንም አላንኳኳም።

ሴትዮዋ ከራስጌው ቆመዋል። ቢላዋውን አንስተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ነው።

"ሽንኩርት ልትከትፊልኝ ነው?"

መልሰው ትራሱ ሥር አስቀመጡት። በሥርዓት።

"ነገ ነው አይደል ክርስትናው?" በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃ እንደሚባለው።

"አዎ..."

"ነገ ሩቅ ነው ልጄ። እያት እስቲ።"

ሀይማኖት አየቻት። የልጅቷ ደረት ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ቆየ... ቆየ... ከፍ አለ።

"ይርዱኝ እትዬ። እባክዎ።"

"መቼ እምቢ አልኩሽ? የጠየቅኩሽ አንድ ነገር ነው።"

ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ወደ እነሱ ይምጣ፣ ወይ ይለፍ፣ አይታወቅም።

ደረቷ ዝቅ አለ። ቆየ... ቆየ...

"የማን ልጅ ናት?"

"የእርስዎ ናት" አለች ሀይማኖት። "የእርስዎ ናት፣ ብቻ ትጥባ።"

ልጅቷ አፏን ከፈተች።

ወተቱ ሲወርድ ጉሮሮዋ ይሰማል። ሀይማኖት በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛት ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ይነጥቁኛል፣ አሁን ይነጥቁኛል ስትል...

ማንም አልነጠቃትም።

ዓይኗን ስትገልጥ ሴትዮዋ ሦስተኛውን ክር ቋጥረው በጥርሳቸው ያጠብቃሉ። ጨረሱ። የሀይማኖትን ፀጉር ዳበስ አደረጉት።

"ጎበዝ። እንግዲህ በደንብ አጥቢልኝ።"

አጥቢያት አላሉም።

አጥቢልኝ።

ኩብራ ባጃጁን አቁማ ስትገባ ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ልጅቷ ጠግባ ተኝታለች። ኩብራ የሀይማኖትን ፊት አየች፣ ልጅቷን አየች። ባጃጁን ልትመልሰው ወጣች፣ ያን ቀን ግን በሩን አልቆለፈችም። በወሩ ዕቃዋን ጭና አልዩ አምባ ገባች።

ክርስትናው በማግስቱ ተፈጸመ። ቄስ ገብረአብ ልጅቷን በዚያ በቀዝቃዛው የደብረ ብርሃን ውሃ ሦስት ጊዜ ነከሯት። አላለቀሰችም። አንገቷን አዙራ በሩን ታያለች። ስሟን ማኅደረማርያም አሏት። በዚያ ስም ተጠርታ ዞራ አታውቅም።

አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጤነኛ ናት፣ ደልዳላ ናት፤ ያያት ሁሉ እንዴት ብታሳድጊያት ነው ይላል። አባቷን "አባ" ትላለች።

ሀይማኖትን "እትዬ" ትላታለች።

ማንም አላስተማራትም። ሀይማኖት ቁጭ አድርጋ "እማ በይ... እ... ማ..." ትላታለች። ልጅቷ አፏን ገጥማ ታያታለች።

ቃሉን ግን ታውቀዋለች። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ድክ ድክ እያለች ወደ ቆርቆሮው በር ትሄዳለች። በሩ ተቆልፏል። አፏን ስንጥቁ ላይ ታደርጋለች።

"እማ" ትላለች። ቀስ ብላ። ከዚያ ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጣለች... አንዳንዴም ትስቃለች።

ሠረቀብርሃን የልጅ ነገር ነው ይላል።

ባለፈው ሐሙስ ሀይማኖት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፣ ሁለት ወሯ ነው። ገና ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

ልጅቷ ከበሩ ተመለሰች። መጥታ አጠገቧ ቆመች። አንድ እጇን የእናቷ ሆድ ላይ አሳረፈች።

በሌላ እጇ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። ማንኪያ በወጉ መያዝ ያልቻሉት ጣቶች ከክሮቹ አንዱን ለይተው አወጡ።

"እትዬ" አለች።

"ወዬ።"

ልጅቷ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። ሆዱን መታ መታ አደረገች... አየር እንዲወጣለት ሕፃን እንደሚመታ።

"የማን ነው?"