ያልተለማመዷት መስመር

ሙሪየል ክሌግ የአሠሪዋን ሬሳ ያገኘችው ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ይዛ ወደ ጓሮው ጎጆ ስትገባ ነው። የልጆች ደራሲዋ ሄስተር ብራኮክ በምትጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ቀዝቅዛለች። አጠገቧ ባዶ የካካዎ ፔርሙስ ቆሟል። አዲሱ ቴአትሯ የሚከፈተው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር።

ሐኪሙ ፔርሙሱን አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። ካካዎው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት በብዛት ገብቷል፤ የሄስተር የደከመ ልብ አልቻለውም። ካካዎውን ያፈላችው ደግሞ ሙሪየል ናት። ነፍሰ ገዳይ በሚሰቀልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለምና ሳታስበው አንገቷን ዳበሰች።

ኢንስፔክተር ፕሮበርት ጉንፋን የማይለቀው ቀጭን ዌልሳዊ ነው። ሲያዳምጥ ያንቀላፋ ይመስላል።

«ፔርሙሱን ማን ሞላው?»

«እኔ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስቀምጬላቸው ወደ ልምምዱ ሄድኩ። መድኃኒቱ እዚያው ጎጆው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ተቆልፎበት አያውቅም። እኔ ነኝ ብለው ካሰቡ ካቴናውን ያውጡ። አላለቅስልዎትም!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሚስ ክሌግ። ማታ ለምን አላዩአቸውም?»

«የመክፈቻ ዋዜማ ጎጆው ውስጥ ነው የሚያድሩት። በሩን ያንኳኳ ወዮለት።»

«የሚጠላቸውስ ነበር?»

«ልጅ አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ የሚፈልግ ሁሉ ይጠላቸው ነበር።»

ቴአትር ቤቱ ሲደርሱ የሟቿ የወንድም ልጅ ላዮነል ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ጠበቃቸው። ቤቱንም መጽሐፎቹንም የሚወርሰው እሱ ነው።

«ትናንት ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ፈረሱ ውስጥ።»

«ምን ውስጥ?»

«የፈረሱ የኋላ እግር እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጎንብሼ ነበር፤ በሻይ እረፍት እንኳ ቆዳው አልተፈታልኝም። ካላመኑኝ የፊቱን እግር ይጠይቁ!»

ፕሮበርት የፊቱን እግር ጠየቀ። የፊት እግሩም መሰከረ።

የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጊልበርት ኦርም ግን ገና ሳይጠየቅ ነደደ። ከሳሙና ፋብሪካ ተዛውሮ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ሴትዮዋን ካየኋት ሦስት ቀኔ ነው። ትናንት ቢሮዬ ነበርኩ። አዎ፣ ተጣልተናል፤ ማን ያልተጣላት አለ? ንግሥቲቱ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ከንቲባው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መድረክ ላይ አንድ ፍሬ ልጅ ንጉሡን ‹ወንበሩን አሙቀህልኛል፤ አሁን ተነሥ› ብላው መጋረጃ ይዘጋ? ልጅ እጅ ትነሣለች እንጂ!»

የሙሪየል እጅ የበሩ እጀታ ላይ ደርቆ ቀረ። ሄስተርን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች፤ የጻፈችውን ሁሉ በጽሕፈት መኪና የገለበጠችው እሷ ናት። ይህችን መስመር ግን ሰምታት አታውቅም። ፕሮበርት የኦርምን ፊት ትቶ የእሷን ፊት አየ፤ ከዚያ አፍንጫውን ጠረገና ደብተሩን ከደነ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰባቸው። የልጅቷን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ዶሪን አንድ ያልተከፈተ ፖስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ መጣች። በጠዋቱ ፖስታ የደረሳት ነው፤ አድራሻው የሄስተር የእጅ ጽሕፈት ነው።

«ይክፈቱት» አላት ፕሮበርት።

«ሕዝብ ሳይገባ? በስመ አብ! ቴአትሩ ገደ ቢስ ይሆናል!»

«ክፈቺው፣ የኔ እመቤት» አለች ሙሪየል። «ከዚህ የባሰ መጥፎ ገድ አይመጣም።»

ዶሪን ቀደደችውና አነበበች። «‹ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት። ዶሪን፣ የመጨረሻዋን መስመር አሁን ገና አገኘኋት፤ የቀድሞዎቹን ሁሉ ጥያቸዋለሁ። እንዲህ በዪው፦ ወንበሩን አሙቀህልኛል፤ አሁን ተነሥ።›»

«ሚስ ክሌግ፣ ይህን መስመር ልምምድ ላይ ማን ሰምቶታል?»

«ማንም። የመጨረሻዋ መስመር በልምምድ አትነገርም፤ ጽሑፉም ላይ ቦታዋ ባዶ ነው፤ ሚስ ብራኮክ በዋዜማው ለተዋናይዋ በፖስታ ነው የሚልኳት። እዚያ ስንደርስ ዝም ብለን እንበተናለን። ነውር ነው፣ ገድም የለውም።»

«ሚስተር ኦርም ይህን አያውቁም?»

«ልምምድ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አይተው አያውቁማ! ሁሌ አቋርጠው ይወጣሉ።»

«ስለዚህ መስመሯ በሁሉም እጅ ያለች መሰላቸው» አለ ፕሮበርት። «ረቂቁስ የት ይሄዳል?»

«ሚስ ብራኮክ ራሳቸው ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ጥለው ይመለሳሉ፤ ወዲያው ረቂቁን ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ሁልጊዜ።»

«ጎጆው ስልክ የለውም። እንግዲህ መስመሯ ጠረጴዛው ላይ የዋለችው፣ ሴትዮዋ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ሄደው እስኪመለሱ ነው። ያኔ ገብቶ ያነበባት ሰው ፔርሙሱም መድኃኒቱም ፊቱ ነበሩ። ሚስተር ኦርም፣ ሦስት ቀን ካላዩአቸው ይህችን መስመር ማን ነገረዎት?»

ኦርም ወደ ዶሪን አየ፤ ወደ ላዮነል አየ። ማንም አላገዘውም።

«በሻይ እረፍት ልለምናት ሄጄ አጣኋት» አለ በደከመ ድምፅ። «ወረቀቱን ሳየው ደሜ ፈላ። አንድ ቀን ተኝታ እንድትውል ብቻ ነው የፈለግኩት! መጨረሻውን እኔ አስተካክለው ነበር። ልገድላት አላሰብኩም።»

«ዝም ልታሰኛቸው ግን አስበሃል!» አለች ሙሪየል። «አንተ» ስትለው ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ፖሊሶቹ ኦርምን ይዘውት ከወጡ በኋላ ላዮነል ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለአክስቴ ክብር ስንል… ለዛሬ ብቻ፣ ዶሪን እጅ ብትነሣስ? ከንቲባው…»

«ላዮነል፣ ውርሱ ያንተ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ልታባርረኝ ትችላለህ። ዛሬ ግን ዶሪን ጉልበቷን ብታጥፍ ከወንበሬ ተነሥቼ መስመሯን እኔው እጮኻታለሁ።»

«መጮህ አያስፈልግም፣ ሚስ ክሌግ» አለች ዶሪን እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ቃሉ የኔ ነው። ዞር በሉልኝ፤ ልብሴን ልቀይር።»

ዶሪን መስመሯን ቃል በቃል ተናግራ መጋረጃው ሲዘጋ አዳራሹ ሙሉ ልጅ ወለሉን በጫማው ይደበድብ ጀመር። በመክፈቻ ቀን ደራሲ መጥራት ወግ ነው፤ መሞቷን ደግሞ ማንም አልነገራቸውም። «ደራሲዋ ትውጣ! ደራሲዋ ትውጣ!»

ሙሪየል በሕይወቷ መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም። ወጣች። ፊታቸው የቀላውን ከንቲባ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«ሚስ ብራኮክ ዛሬ ሊመጡ አልቻሉም» አለች። «ከእንግዲህ ግን አንዲት ቃል የሚያስቀይራቸው የለም።»