ምች አይደለም

«አትንቀሳቀሺ አልኩሽ!»

እናቷ የገነቴን ጭንቅላት ጭኗ ላይ ደፍታ የዳማከሴውን ቅጠል በመዳፏ አሽታ ጨመቀችው። አረንጓዴው ውሃ ቁስሉን ሲነካው ገነቴ ጥርሷን ነከሰች። ውቢትን አሁን ብታገኛት ያንን የአዲስ አበባ ፀጉሯን ትነጭላት ነበር።

«አየሽ፣ እብጠቱ ጎደለ» አለች እናቷ ደስ ብሏት። «ምች ዳማከሴ ካገኘ የት አባቱ ይቆማል! በቀደም ገበያ ላይ ለጵርስቅላ እናትም ነገርኳት። ልጅቷን ልክ እንዳንቺ ጆሮዋ ላይ መቷታል። ጤና ጣቢያ ልትወስዳት ስትል ‹ምን ያንከራትትሻል፣ የኔዋ በቅጠል አይደል እንዴ የዳነችው› አልኳት።»

ገነቴ ቀና አለች። «እና ሳትወስዳት ቀረች?»

«ለምን ትወስዳታለች? ቅጠሉንም የሰጠኋት እኔው ነኝ።»

ገነቴ ሻሿን ጆሮዋ ላይ ሸብ አድርጋ ደብተሯን አነሳችና ቁርሷን ሳትበላ ወጣች። 

ነገሩ ምች አልነበረም። ጆሮዋን የበሳቻት ውቢት ናት።

ውቢት ቁስል የሚያጥቡት፣ መርፌ የሚወጉት የጤና ጣቢያው ድሬሰር የጋሽ ባፈና ልጅ ናት። ክረምቱን አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ አንድ ጆሮዋ ላይ ሦስት ሎቲ ደርድራ መጣች። አማርኛዋም አብሮ ተቀየረ፤ በሀዲይኛ ያናገራትን ሁሉ እንዳልሰማች ሆና ታልፈው ጀመር። «ፋሽኑ እኮ ይሄ ነው፣ እናንተ ፋራዎች!» ትላለች። ገነቴን ደግሞ ፋራ መባልን የመሰለ የሚያናድዳት ነገር የለም። ቤታቸው ጌጥ አይወደድም። አባቷ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኑን እስኪዘጋው ድረስ መዘምራኑን ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የልጃቸው ጆሮ እንኳን ሦስት፣ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም።

እናም አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ገነቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውቢት ከአባቷ የመርፌ መቀቀያ ቆርቆሮ የወሰደችውን መርፌ ከኪሷ አወጣች። «የሐኪም መርፌ ነው። የሐኪም መርፌ ቆሻሻ አይዝም» አለች። ማን ይከራከራታል? ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ሆዱን ቢቆርጠው፣ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ውቢት ለስላሳውን የጆሮ ጫፍ ትታ ላይኛውን፣ ጠንካራውን ወጋችው፤ ቀጭ ሲል ተሰማ። ቀዳዳው እንዳይደፈን የስንደዶ ስንጥር ሰካችበት። ከዚያ መርፌውን በዩኒፎርሟ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ተራዋን ወደምትጠብቀው ወደ ጵርስቅላ ዞረች።

ጵርስቅላ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። ገነቴ የሮጠችበት የምትሮጥ፣ ገነቴ የሳቀችበት የምትስቅ ልጅ ናት። ያን ቀንም ገነቴ ስላላለቀሰች ጥርሷን ነክሳ ተበሳች።

«ካበጠ ምች ነው በሉ» ብላ ውቢት ሁለቱንም አስማለቻቸው። ገነቴ በማግስቱ ስንጥሩን ነቅላ ጣለችው። ጆሮዋ ግን አበጠ፣ መገለ፣ ፈነዳ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ጎደለ። ምስጋናውን ዳማከሴው ወሰደው።

ያን ጠዋት ከቤት እንደወጣች ገነቴ ውቢትን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያዘቻት። ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ እየተሰለፈ ነበር።

«ጵርስቅላ ታማለች።»

«ጉንፋን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የምን ጉንፋን! ጆሮዋ ነው፣ ውሸታም!»

«ቀስ በይ እንጂ!» ውቢት ዙሪያዋን ቃኘች። «ምን ያስጮህሻል? ይሻላታል። አንቺስ ተሻለሽ አይደል?»

የገነቴ ደም ፈላ። የእናቷም ንግግር ይኸው ነበር፤ የኔዋ ድናለች። አንድ ጆሮዋ በመዳኑ ሌላ ሰው ሊሞት ነው እንዴ?

«መርፌውን የት አደረግሽው?»

«ቦታው መለስኩታ።»

«ሳትቀቅይው?»

«አባባ ይቀቅለዋል። ሁሌም ይቀቅላል።» ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «ገነቴ፣ እባክሽ። መርፌው የመንግሥት ንብረት ነው። ከተሰማ አባቴን ያስሩታል። ሰው ሲታሰር ምን እንደሚመስል አታውቂም።»

«እኔ ነኝ የማላውቅ?» ገነቴ የውቢትን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ የታሰረው የማን አባት ነው? ምግብ ስታመላልስ የከረመችው ማናት? አንቺ ነሽ?»

ገነቴ ክንዷን ለቀቀቻትና ከሰልፉ ተቃራኒ አቅጣጫ ሄደች። የሰልፉ አስተናባሪ በስሟ ጠራት፤ አልዞረችም። ጋሽ ባፈና ግን መልካም ሰው ናቸው። እስር ቤት በር ላይ ሳህን ይዞ መቆምን ደግሞ ለውቢትም ቢሆን አትመኝላትም።

የጵርስቅላ ቤት ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ገነቴ ገና ስትገባ ሽታው ተቀበላት።

ልጅቷ መደብ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጆሮዋ አብጦ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ላዩ ጠቁሯል። እብጠቱ ጉንጯን አልፎ አንድ ዓይኗን ደፍኖታል። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ የተጨመቀ የዳማከሴ ቅጠል ተከምሯል።

«እናትሽ እንዳለችኝ ጠዋት ማታ አደርግላታለሁ» አለች የጵርስቅላ እናት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበራት። «አንቺን በስንተኛው ቀን ነው የተወሽ?»

ጵርስቅላ ደህና ያለውን ዓይኗን ገለጠች። «አልተናገርኩም» አለች ለገነቴ በሀዲይኛ፣ በሹክሹክታ። «አንድም ቃል አልተናገርኩም።»

ገነቴ ማንን እንደምትመታ ጠፋት። ውቢትን ልትመታ ፈለገች፣ እናቷን፣ ያንን ቅጠል፣ ከሁሉም ይልቅ ራሷን። ሻሿን ፈትታ መደቡ ላይ ወረወረችው።

«እትዬ፣ ምች አይደለም። ተበስተን ነው። እኔም እሷም፣ በአንድ መርፌ። እኔ ዋሸሁ፤ እሷም እኔን ብላ ነው የዋሸችው።»

የጵርስቅላ እናት የገነቴን ጆሮ አየች፣ የልጇን አየች። ከዚያ ገነቴን በጥፊ አጮለቻት። ወዲያው ልጇን በጋቢ አዝላ ወጣች። ገነቴ ጉንጯ እየነደደ ከኋላቸው ሮጠች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣችው ሲስተር ጵርስቅላን አገላብጣ አየችና በቁጣ ራሷን ነቀነቀች። «ምነው እስከ ዛሬ? ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እኮ...» ሳትጨርሰው ተወችው። «ጋሽ ባፈና፣ ፔኒሲሊን!»

ጋሽ ባፈና ቡታጋዙ ላይ የነበረውን ቆርቆሮ አወረዱ። ክዳኑን ከፍተው በመቆንጠጫ መርፌ አነሱ።

«በምንድን ነው የተበሳው?» አለች ሲስተሯ ገነቴን። «በእሾህ ነው አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። በእሾህ የተበሳ ጆሮ ማንንም አያሳስርም። በሩ ላይ ውቢት ቆማለች፤ ተከትላቸው ሮጣ መጥታ ኖሮ ታለከልካለች። ዓይኖቿ ገነቴን ይለምናሉ። መቆንጠጫው ጫፍ ላይ ያለው መርፌ ውሃ ያንጠባጥባል። ውቢት የመለሰችው እሱ ይሁን፣ መቼ ይሁን የመለሰችው፣ ከመቀቀሉ በፊት ይሁን በኋላ፣ ገነቴ አታውቅም። ማንም አያውቅም።

ገነቴ ወደ ጋሽ ባፈና ዞራ በሀዲይኛ፣ ቀስ ብላ፣ «በእርስዎ መርፌ ነው» አለቻቸው። «ከዚሁ ቆርቆሮ ወጥቶ፣ ሁለታችንን በስቶ፣ እዚሁ ተመልሷል።»

የጋሽ ባፈና እጅ ባለበት ቀረ። ማን እንዳወጣው አልጠየቁም። በሩን አዩ።

የጵርስቅላ እናት ሰምታለች። አፏን ከፈተች፤ ልጇን አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ምን አለች?» አለች ሲስተሯ።

«በመርፌ ነው አለች» አሉ ጋሽ ባፈና በአማርኛ። መርፌውን ቆርቆሮው ውስጥ መልሰው ከደኑትና ቡታጋዙን እንደገና ለኮሱ።

«ፈልቷል እኮ፣ ጋሽ ባፈና!»

«ይደገም» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «ሌላውን ውሃው ከፈላ በኋላ እነግርሻለሁ፣ ሲስተር። ራሴ እነግርሻለሁ።»

ውቢት ወደ ውስጥ ገባች። «አባባ» አለችና ቀጥላ በሀዲይኛ መናገር ጀመረች፤ ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ በሀዲይኛ ስትናገር ገነቴ የሰማቻት ያኔ ነው። አባቷ አልዞሩላትም። እሳቱን እያዩ ቆሙ።

ገነቴ ተራዋን ለመጠበቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ ያልሸፈነችው ጆሮዋ ይጠዘጥዛታል። ንዴቷ አልበረደም፤ ቶሎም የሚበርድ አልመሰላትም። ውቢት መሐል ወለሉ ላይ ቆማ እየተንሰቀሰቀች የምትሄድበት ሲጠፋት ግን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«ተቀመጪ» አለቻት በሀዲይኛ። «አታናግሪኝ ብቻ።»